አንድ ሺህ ሃያ ስድስት

አራት ቀን አጉረመረመ፤ በአምስተኛው ዝም አለ፤
ክዳኑ ላይ ያለው ቱቦ አንድ አረፋ እንኳ አልጣለ።
«ደረሰ ማለት ነው» ብዬ ሃምሳ ጠርሙስ አጠብኩኝ፣
ቆርኪውን ደረደርኩና መለኪያውን ነከርኩኝ።

ያ ቀጭን የብርጭቆ ዘንግ፣ እንደ ሰነፍ ዋናተኛ፣
ግማሽ አንገቱን አውጥቶ ቆመ፤ ደረቅ፣ እምቢተኛ፦
አንድ ሺህ ሃያ ስድስት።
በማግስቱም ሃያ ስድስት። በሠልስቱም ሃያ ስድስት።

አሥር ሊወርድ ሲገባው! ጣሳው ላይ እንዲያ ይላል፤
ስኳሩ ገና ሳይበላ በላተኛው ተኝቷል።

አርባ ዓመት ፖርት ቻልመርስ፣ ከወደቡ ክሬን ላይ ሆኜ፣
ኮንቴይነር እንደ ዕንቁላል ያወረድኩ ሰው፣ መዝኜ፣
አንድ ቀን ዕቃ ያልሰበርኩ፣
በሃያ ሦስት ሊትር ብቅል፣ በአንድ ባልዲ ጥንስስ ተሸነፍኩ።

ግሌን መጣ ከክለቡ፤ ስለ ራግቢም ስለ ቢራም ሁሉን የሚያውቅ ሰው ነው።
«ምን ያስጨንቅሃል?» አለ፤ «በጠርሙስ ሙላና አሽገው፤
የቀረውን እዚያው ታሽጎ ይጨርሳል።»
ባለፈው ዓመት የእርሱ እንዴት እንደ ጨረሰ ሰፈሩ ያውቃል፦
በእኩለ ሌሊት አንድ በአንድ እንደ ርችት ሲፈነዳ፤
ጣሪያው ላይ ዛሬም ጠባሳ አለ፣ ከደረጃው ሥር ባለው ጓዳ።
የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤
ግሌን ግን መልቀም አልቻለም፤ ስብርባሪ በጣት ይለቀማል?

ናይሪ ግን፣ ጎረቤቴ፣ ረዌና ዳቦ የምትጋግር፣
ከእናቷ የወረሰችውን የድንች እርሾ በብርኒ፣ በመስኮት ዳር፣
ሠላሳ ዓመት እንደ ዶሮ ስትቀልብ የኖረች ሴት፣
ጋራዤ ገባች። ክዳኑን ሳትከፍት ባልዲውን ዳሰሰች፣ እንደ ልጅ ትኩሳት።
«ዱጋልድ፣ ይኼ እኮ በርዶታል!
ሐምሌ ነው፤ ውጪ ሣሩ ሁሉ አመዳይ ለብሷል፤
አንተ ካፖርት ደርበሃል፣
እሱ ራቁቱን ሲሚንቶ ላይ ተቀምጧል።»

ቴርሞሜትሩን አየሁት፦ አሥራ አንድ። አፈርኩኝ።
ማንኪያ አንሥቼ ላማስል ስል እጄን ያዘችና «ተው!» አለችኝ፤
«አሁን አየር ከገባበት የረጠበ ካርቶን ነው ጣዕሙ፤
ይልቅ በቀስታ እሹሩሩ በለው፣ እስኪነቁ ከሥር የተጋደሙ።»

ለሁለት ተሸክመን ወሰድነው፣ ደረጃውን እያቃሰትን፣
የሙቅ ውሃው ጋን ወዳለበት፣ ፎጣ ወደምናሞቅበት ቁም ሣጥን።
ሚስቴ ኢሶቤል ቆማ አየችን፣ አንድ ቃል ሳትተነፍስ፤
ከዚያ አሮጌ ሹራቧን አምጥታ ጀመረች ባልዲ ማልበስ።

ሁለት ቀን ሙሉ፣ ምንም።
ሃያ ዲግሪ ሞቆ እንኳ፣ ምንም።
በሦስተኛው ቀን በብርጭቆ፣ ለብ ባለ ውሃ፣ በስኳር ቁንጥር፣
አዲስ እርሾ ቀሰቀስን፤ ጨመርነው አረፋ መድፈቅ ሲጀምር።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። በካልሲ ቆሜ፣ ጆሮዬ ከቁም ሣጥኑ በር።
ዝምታ። የማቀዝቀዣው ድምፅ። ዝምታ።
ከዚያ፦
ብልቅ።
ትንፋሼን ያዝኩ።
ብልቅ።
ኢሶቤልን ልቀስቅሳት ብዬ ነበር፤ ምን ልላት እንደሆን ጠፋኝ፤
ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሲነጋ እዚያው አገኘችኝ።

ሃያ ሁለት። አሥራ ሰባት። አሥራ አራት። እዚያው ቆመ።
ሦስት ቀን ጠበቅኩት፤ አሥር አልገባም፣ ንቅንቅም አላለ፣ ከረመ።
«ደግሞ ተኛ ወይስ ጨረሰ?» ብዬ ናይሪን ጠየቅኳት፤
መለኪያውን ከእጄ ወሰደች፤ ብርጭቆ ሰጠችኝና «ቅመሳት!»
ቀመስኩ፦ የማር ቅሪት የመሰለ ጣፋጭ ከምላሴ ጫፍ፤
ከዚያ የሆፕሱ ምሬት ቀስ ብሎ፣ እንደ መርከብ ወደቡን ሲደገፍ።

ፎጣዎቻችን እስካሁን ብቅል ብቅል ይሸታሉ።

ግሌን ትናንት መጣ። አንድ ጠርሙስ አነሣ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣
ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ዓይኑን በግማሽ ዘግቶ፣
ከፈተው። ትስስ። ሌላ ምንም የለ።
«ነግሬህ አልነበር? በጠርሙስ ይጨርሳል» አለ።